ግማሽ ሠራተኛ

ሊቁ፦ አልተራመድንም አልኩህ!

ገራገሩ፦ ተራምደናል ጋሼ። ቅድም ይቺ የወለል ስንጥቅ እግሬ ፊት ነበረች። አሁን ተረከዜ ሥር ናት።

ሊቁ፦ ሰልፉ አይደለም የተራመደው። ፊታችን ያሉት ሰውዬ ናቸው የከሱት።

ገራገሩ፦ (ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ቀበቶ እያየ) እውነትም! ስንመጣ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር፤ አሁን አራተኛው ላይ ደርሷል።

ሊቁ፦ አየህ? ነገር በማስተዋል ነው።

(ሊቁ የአንድ ፀጉር ቤት ባለቤት ነው። ሁለት ወንበርና አንድ መስታወት አለው፤ መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል። ገራገሩ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ሲሆን እዚያው ይሠራል። በትክክል ለመናገር ፀጉር የሚቆርጠው ገራገሩ ነው፤ ሊቁ ደግሞ ጋዜጣ እያነበበ ለደንበኛው ዓለም እንዴት እንደምትተዳደር ያስረዳል። ችግሩ አገሩን ከያዘው አራት ወሩ ነው። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። ሰዉም ወጪ ቀንስ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የቀነሰው ፀጉር መቆረጥን ነው። ባል ሁሉ በሚስቱ የወጥ ቤት መቀስ እየተከረከመ፣ መንገዱ ፍየል የጋጠው ቁጥቋጦ በመሰለ ጭንቅላት ሞላ። ሊቁ ቤት ሁለት ልጆች አሉ። የዱቄቱ ጣሳ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሲነኩት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ሊቁ ይህን ያውቃል። ግን ሌላም የሚያውቀው ነገር ስለሚበዛ ይህኛው መሃል ላይ ይጠፋበታል። አሁን የቆሙት የመንግሥት እርዳታ በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ «ለተራ ሰዎች» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት መስኮት ሰልፍ ላይ ነው። መስኮቱ ከቆሙበት አይታይም።)

ገራገሩ፦ ቅጹን ጨረስከው?

ሊቁ፦ አሥራ ሁለት ገጽ እኮ ነው! ገጽ አራት ላይ ነኝ። «ድሃ ለመሆንዎ ሁለት ምስክር ያቅርቡ» ይላል።

ገራገሩ፦ ይሄማ ቀላል ነው። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርልናል።

ሊቁ፦ «ምስክሮቹ ራሳቸው ድሃ ያልሆኑ» ይላል።

ገራገሩ፦ እንደሱ ከሆነ አልቆልናል። ሀብታም ብናውቅ እዚህ ምን አስቆመን?

ሊቁ፦ ገጽ አምስት ደግሞ... «በሕይወት መኖርዎን የሚያረጋግጥ ማስረጃ።»

ገራገሩ፦ መስኮቱ ጋ ስደርስ ራሴን ባሳያቸውስ?

ሊቁ፦ ኮፒ ነው የሚፈልጉት።

ገራገሩ፦ ታዲያ ዋናውን ምን ላድርገው?

ሊቁ፦ ዋናው ለማመሳከሪያ ይቅረብ ይላል። አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ቁም!

(ሊቁ ቀና ሲል ዓይኑ ከኮሪደሩ ማዶ ባለ መስኮት ላይ አረፈ። «ለድርጅቶች» ይላል። ሰልፍ የለም። ከመስኮቱ ፊት ትራስ ያለው ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ የሚዞር ማራገቢያ አለ። ባለመስኮቷ ጥፍሯን እየሞረደች ሰው ትጠብቃለች። ሊቁ ልቡ ዘለለ። ልቡ እንዲህ ሲዘል አንድም ቀን ደግ ነገር ተከትሎት አያውቅም፤ እሱ ግን ልቡን ያምነዋል።)

ሊቁ፦ ወንድሜ፣ ጅሎች ነን።

ገራገሩ፦ እኔስ እሺ፤ አንተ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ?

ሊቁ፦ በተሳሳተ ሰልፍ ቆመን እኮ ነው! ድጎማው ያለው እዚያ ማዶ ነው።

ገራገሩ፦ ጎማ? መኪና የለንም እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ ድጎማ! «ድ» አለው!

ገራገሩ፦ ድሮ ጎማ? አሮጌ ጎማማ ጭራሽ ምን ያደርግልናል?

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይዞ) ስማ። ኢኮኖሚው ተኝቷል፣ እሺ? መንግሥት ደግሞ ማነቃቂያ ይሰጠዋል።

ገራገሩ፦ መቀስቀስ ከሆነ የእህቴን ልጆች እናምጣቸዋ። ማታ ርቧቸው ሲያለቅሱ ከባለ ሱቁ እስከ ዘበኛው ያልነቃ የለም። ዘበኛው ሲነቃ እኮ ያየሁት ትናንት ነው።

ሊቁ፦ በልቅሶ አይደለም፣ በገንዘብ ነው! ገንዘቡ ለትልልቅ ድርጅቶች ይሰጣል። ለነሱ ከላይ ሲፈስላቸው፣ ወደ ታች፣ ወደኛ ወደ ተራዎቹ ይንጠባጠባል። ሳይንስ ነው።

ገራገሩ፦ እኛ ከታች አፋችንን ከፍተን እንቆማለን?

ሊቁ፦ እንደዚያ በለው።

ገራገሩ፦ እነሱ ሥሩ ባልዲ ቢያስቀምጡስ?

(ሊቁ ክራቫቱን አጠበቀ። ክራቫቱ የሠርጉ ነው።)

ሊቁ፦ ዋናው ነገር፣ ከታች ሆነን ለምን እንጠብቃለን? ሄደን ድርጅት ነን እንላለን።

ገራገሩ፦ ሁለት ወንበር ይዘን?

ሊቁ፦ ትልልቆቹስ ከስንት ወንበር ጀመሩ? አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ። የምናገረው እኔ ነኝ።

ገራገሩ፦ ቦታችንስ? ከንጋት ጀምሮ የቆምንበት?

ሊቁ፦ ለተራ ሰዎች ተውላቸው!

(ተሻገሩ። ሊቁ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትራሱ እፍፍ ብሎ ዋጠው፤ ማራገቢያውም ክራቫቱን እንደ ባንዲራ አውለበለበው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ክብር ተሰምቶት አያውቅም። ገራገሩ ከኋላው ቆመ።)

ባለመስኮቷ፦ እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። ቆሙብኝ እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሊቁ፦ ግድ የለም።

ባለመስኮቷ፦ ቅጹ ይኸው። ግማሽ ገጽ ነች፤ እኔው እሞላልዎታለሁ፣ አይድከሙ። የድርጅቱ ስም?

ሊቁ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) «ሊቁና ቤተሰቡ፣ ዓለም አቀፍ የራስ ውበት ኢንዱስትሪ፣ አክሲዮን ማኅበር።»

ባለመስኮቷ፦ ቅርንጫፎች አሏችሁ?

ገራገሩ፦ አንድ ነበረን። ባለፈው ወር ነፋስ ገንጥሎ ጣሪያችን ላይ ጣለው።

ሊቁ፦ (በክርኑ ይጎሽመዋል)

ባለመስኮቷ፦ ውይ! (እየጻፈች) «አንድ ቅርንጫፍ በተፈጥሮ አደጋ ወድሟል።» ጉዳቱ ከባድ ነው?

ገራገሩ፦ ሁለት ቆርቆሮ በስቷል፤ አንዲት ድመትም ደንግጣ ጠፍታለች።

ባለመስኮቷ፦ «የንብረትና የሕይወት ጉዳት ደርሷል።» አይዞን። የዳይሬክተሮች ቦርድስ አላችሁ?

ገራገሩ፦ ቦርጭ? ጋሼ ነበረው። ይህን የሚያህል! በችግሩ ምክንያት ሟሟ።

ባለመስኮቷ፦ «ቦርዱ በችግሩ ምክንያት ፈርሷል።»

(ገራገሩ አፉን በከፈተ ቁጥር የሊቁ ነፍስ ትወጣለች። ባለመስኮቷ ብዕሯን ባነሳች ቁጥር ደግሞ ትመለሳለች። የሚገርመው፣ እሱ ሌሊቱን ሙሉ ቢያስብ እንኳ እንዲህ ያማረ ውሸት አይወጣለትም ነበር፤ ልጁ ግን አንዲት ውሸት አልተናገረም።)

ባለመስኮቷ፦ ባለ አክሲዮኖቹ ስንት ናቸው?

ገራገሩ፦ አክስቶች? ሁለት ናቸው። ትልቋ ጉልበቷን ያማታል።

ባለመስኮቷ፦ «ሁለት፤ የትልቁ ባለድርሻ አቅም ተዳክሟል።» በመጨረሻም፣ ወደ ውጭ የምትልኩት ምርት አለ?

ሊቁ፦ እ... እንግዲህ ለጊዜው...

ገራገሩ፦ አለ እንጂ! በየማታው። እኔ ራሴ ነኝ ጠርጌ በአካፋ የምልከው።

ባለመስኮቷ፦ በአካፋ? ብዙ ነው ማለት ነው።

ገራገሩ፦ ችግሩ ሳይመጣ ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ጥቁርም አለ፣ ሽበትም አለ።

ባለመስኮቷ፦ (በአድናቆት) «በሁለት ዓይነት፣ በጅምላ፣ በየቀኑ።» ጌታዬ፣ እንደናንተ ያለ ድርጅት ተቸግሮ ማየት ያማል። ሠራተኛ ስንት አላችሁ?

ሊቁ፦ (ዓይኑን ጨፍኖ) መቶ ሃ...

ገራገሩ፦ እኔ ነኝ።

ባለመስኮቷ፦ አንድ ብቻ?

ሊቁ፦ (ላቡን እየጠረገ) ዘመናዊ አሠራር ነው። ሰው አናበዛም።

ባለመስኮቷ፦ ግሩም! የእርስዎስ ኃላፊነት?

ሊቁ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ። ፈርማለሁ፣ ማኅተም ካስፈለገም አለኝ።

ባለመስኮቷ፦ ፊርማዎ ይበቃል። ምስክር ምናምን ብለን አናደክምዎትም፤ ለድርጅቶች የምንሠራው በእምነት ነው። (ኳ! ኳ! ማኅተም ትመታለች) ተፈቅዷል!

(ሊቁ ዞሮ ገራገሩን በኩራት አየው። «አየህ?» የሚል አስተያየት ነበር። ገራገሩም ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳየ ግን አላወቀም።)

ሊቁ፦ ታዲያ ገንዘቡን... ቼክ ነው ወይስ በእጅ?

ባለመስኮቷ፦ ገንዘቡማ አልቋል ጌታዬ።

ሊቁ፦ መቼ?

ባለመስኮቷ፦ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።

ሊቁ፦ የምትከፍቱት ሦስት ሰዓት አይደለም እንዴ?

ባለመስኮቷ፦ ትልልቆቹ በስልክ ነው የጨረሱት። ግን ባዶ እጅዎን አይሄዱም! ሁለት ነገር አለልዎት። አንደኛ፣ ለአሥር ዓመት የአውሮፕላን መለዋወጫ ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ይችላሉ።

ገራገሩ፦ አውሮፕላኑስ?

ባለመስኮቷ፦ እሱን ከራስዎ። ሁለተኛ፣ ወጪ ለመቀነስ ከሠራተኞችዎ ግማሹን ማሰናበት ተፈቅዶልዎታል።

(ማራገቢያው ብቻ ይዞራል።)

ገራገሩ፦ ግማሼን?

ባለመስኮቷ፦ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው።

ገራገሩ፦ ጋሼ፣ የቱን ግማሽ ነው የምታባርረው? ልብ በል። የሚሠራው የላይኛው ነው፣ የሚርበው መሃለኛው ነው፣ የሚሰለፈው ደግሞ የታችኛው ነው።

ሊቁ፦ እስቲ ቆይ፣ ላስብበት።

ባለመስኮቷ፦ (መመሪያውን ገልብጣ) አይ፣ አይ፣ እዚህ ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ ጎደሎ ሲሆን ወደ ላይ ይጠጋጋል። ሙሉውን ነው የሚያሰናብቱት።

ሊቁ፦ ይህን ልጅ አባርሬ ቤት ብገባ እህቱ በር አትከፍትልኝም!

ባለመስኮቷ፦ እንደ ፈቃድዎ። ብቻ በችግሩ ምክንያት ለተሰናበተ ሠራተኛ እርዳታ አለ። እዚያ፣ ከደረጃው ሥር።

(ከደረጃው ሥር አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ያንኮራፋሉ።)

ሊቁ፦ እዚያስ ለምን ሰልፍ የለም?

ባለመስኮቷ፦ የስንብት ደብዳቤ ይጠይቃል። ድርጅቶቹ ደግሞ የሚያባርሩት በቃል ነው። እስካሁን ደብዳቤ ይዞ የመጣ አንድ ሰው የለም። የእርዳታው ዱቄት ተቆልሎ መጋዘኑን ሞልቶታል።

ገራገሩ፦ (ዓይኑ ፈጠጠ) ጋሼ።

ሊቁ፦ አቤት።

ገራገሩ፦ አባርረኝ።

ሊቁ፦ አንተ ልጅ...

ገራገሩ፦ በእናትህ ጋሼ፣ በደንብ አድርገህ አባርረኝ! ሰባት ዓመት አገለገልኩህ፤ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም።

(ሊቁ ወረቀት ተቀበለ። መጻፉን ይወዳል፤ ሆኖም ይህችን አጭር ደብዳቤ ሲጽፍ እጁ ከበደው። ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ ልጁ የደንበኛን ጆሮ ሳይነካ መላጨቱን አሰበ። ፈርሞ ሰጠው። ገራገሩ ደብዳቤውን ስሞ ወደ ደረጃው ሥር ሮጠ።)

ገራገሩ፦ አባባ! አባባ፣ ይነሱ፣ ተባርሬያለሁ!

(ሽማግሌው ብንን ብለው ነቁ። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡ፣ ወደ መብራት አነሱት። ከዚያም ደስ እንዳለው ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ደንበኛቸው ነውና። ሊቁ ባለበት ሆኖ ሲያይ አንድ ትልቅ ጆንያ ዱቄት ወጣ። ቀጥሎ ዘይት። ቀጥሎ አንድ ካርቶን ሳሙና። «በየወሩ ና ልጄ» የሚል ድምፅ ተከተለ። ሊቁ ምራቁን ዋጠና ወደ ባለመስኮቷ ዞረ።)

ሊቁ፦ እመቤቴ፣ እኔም እኮ ችግረኛ ነኝ።

ባለመስኮቷ፦ (ቅጹን እያየች) እዚህ ላይ እርስዎ የዓለም አቀፍ ኢንዱስትሪ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነዎት።

ሊቁ፦ እሱ... ትንሽ ተጋኗል።

ባለመስኮቷ፦ ውሸት ነው ማለት ነው?

ሊቁ፦ ማለቴ...

ባለመስኮቷ፦ ውሸት ከሆነ ሌላ መስኮት ነው። (በሩ ላይ ወደ ቆመው ፖሊስ በብዕሯ ትጠቁማለች)

ሊቁ፦ እውነት ነው! እውነት ነው! እንዲያውም ለነገ አንድ የአውሮፕላን ክንፍ ላዝዝ ነበር።

(ከትራሱ ላይ ተነሣ። ሲነሣ የተነፈሰው ራሱ ሊቁ እስኪመስል ድረስ ትራሱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ገራገሩ ጋ ሲደርስ ልጁ ጆንያውን ዞሮ ዞሮ ያየዋል።)

ሊቁ፦ ምን ቆመህ ታያለህ? አንሣና እንሂድ!

ገራገሩ፦ እሱማ ቀረ ጋሼ። አለቃዬ አይደለህም፣ አባርረኸኛል።

ሊቁ፦ ለወረቀት እኮ ነው!

ገራገሩ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ቀስ በል። ሽማግሌው እያዩን ነው። ካዘዝከኝ ሥራ ላይ ነኝ ብለው ይቀሙኛል።

ሊቁ፦ ታዲያ ማን ሊሸከመው ነው?

ገራገሩ፦ እሱን ነው የማስበው። አንድ ሰው መቅጠር አለብኝ።

(ተያዩ።)

ሊቁ፦ ...እኔን?

ገራገሩ፦ የሥራ ልምድ አለህ?

ሊቁ፦ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ።

ገራገሩ፦ ሸክም ያለበት ነገር ሠርተህ አታውቅም ማለት ነው። ምን ይሻላል? ደግ፣ ዘመድ ነህ፤ እንሞክርህ። ደመወዝህ ቤት ስንደርስ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለህ መብላት ነው።

(ሊቁ ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ ጎንበስ አለ። ገራገሩ ጆንያውን ጫነው። ዱቄቱ ከስፌቱ እየበነነ ጢሙን አነጣው። እንዲያም ሆኖ ክብደቱ ደስ አለው፤ እየከበደው በሄደ ቁጥር ስንት ቀን እንደሚያቆያቸው ይታየው ነበር። ገራገሩ ዘይቱንና ሳሙናውን አንጠልጥሎ ከፊት መራ። የተራ ሰዎች ሰልፍ አጠገብ ሲያልፉ፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት የሊቁን እጅጌ ያዘች።)

ሴትዮዋ፦ ወንድሜ፣ በናትህ ንገረኝ! ይህን ሁሉ ከየት አገኛችሁት? እንዴትስ አድርጋችሁ?

(ሊቁ ማስረዳት ሊጀምር አፉን ከፈተ። ዱቄት ገባበት፤ አስለው። ሲረጋጋ፣ በሕይወቱ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ተናገረ።)

ሊቁ፦ እኔ አላውቅም። እሱን ጠይቂው።

(ሴትዮዋ ወደ ገራገሩ ዞረች። ሰልፉም በሙሉ አብሯት ዞረ። ገራገሩ ሳሙናውን መሬት አስቀምጦ፣ ጆሮ ግንዱን አክኮ፣ ከልቡ አሰበ።)

ገራገሩ፦ ቀላል ነው እቴ። አንድ አዋቂ ዘመድ ፈልጊና አለቃ ነህ በይው። የቀረውን እሱ ራሱ ያበላሸዋል።